«ኳሱ ሳይመጣ አየህ?» ስለ ታዳጊዎች ቅብብል ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በፕሮጀክት ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን የሰፈር አሠልጣኞች፣ ወላጆችና ልጆቹ ራሳቸው ኳስ ስለ ማቀበልና ስለ መቀበል ደጋግመው ስለጠየቁኝ ዛሬ ጥያቄያችሁን ሁሉ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ስለ ዝውውርና ስለ ዳኛ ግን አትጠይቁኝ፤ ስለ ዳኛ ማውራት ከጀመርኩ አይመሽልንም።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ፣ ወጣት አሠልጣኝ)፦ ጋሼ፣ ሜዳችን ጠጠር ብቻ ነው። ኳሱ በየጠጠሩ እየነጠረ የመሬት ቅብብል እንዴት ላስተምር? ልጆቹ መጠለዝ ይቀናቸዋል።

መልስ፦ ልጆቹ የሚጠልዙት ፈርተው ነው። መሬት ላይ የመጣ ኳስ ነጥሮ ሲያመልጣቸው የሚሰደቡት እነሱ ናቸው፤ የጠለዘውን ግን ማንም አይሰድበውም። ስለዚህ መጀመሪያ ስድቡን አስቀርላቸው። ከዚያ ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አሰልፈህ ሜዳውን አንድ ጊዜ እንዲያቋርጡና ጠጠር እንዲለቅሙ አድርግ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሙሉ ሜዳ አያስፈልግህም፣ አሥር በአሥር ሜትር የጸዳ ቦታ ይበቃል። ኳሱንም እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር አትንፋው። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 የከባቢ አየር ግፊት ይፈቅዳል፤ ለጠጠር ሜዳ ወደ ዝቅተኛው ብትጠጋ ንጥረቱ ይቀንስልሃል።

ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የምታሠሩም እንዳላችሁ አውቃለሁ። በበጋ አሸዋው ለቁርጭምጭሚት ጥሩ ነው፣ እኔም አሠርቼበታለሁ። በክረምት ግን በፍጹም! ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንብና እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ይደርሳል። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ለድሬ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ የ15 ዓመት አማካይ)፦ ኳስ በተቀበልኩ ቁጥር ተከላካይ ከኋላዬ ይደርስብኛል። ፍጥነት ስለሌለኝ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፍጥነትህን ተወው፤ የሚጎድልህ ማየት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ኳሱ ከጓደኛቸው እግር ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ዓይናቸውን ከኳሱ አይነቅሉም። ኳሱ እግራቸው ላይ ሲደርስ «ማን አለ?» ብለው መፈለግ ይጀምራሉ፤ በዚያ ጊዜ ተከላካዩ ደርሷል።

ሁለት ጊዜ ተመልከት። አንደኛው ኳሱ ገና ወደሚያቀብልህ ልጅ ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ለአንተ ምንም ሥራ ስለሌለ በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ዞር ብለህ እይ። ሁለተኛው ኳሱ ወደ አንተ መንገድ ላይ እያለ ነው፤ ይህ አጭር ነው፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል። ጌይር ዮርዴት የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ስንት ጊዜ ዞር ብለው እንደሚያዩ ቆጥሮ ነበር። ብዙ የሚያዩት ቅብብላቸው የተሻለ ሆኖ አገኘው። እነዚያን የመሰሉ ተጫዋቾች ካስፈለጋቸው ለአንተማ እንዴት አያስፈልግህም?

ከዚያ አቋምህን አስተካክል። ኳሱን ፊት ለፊት ተገትረህ አትጠብቀው፤ ጎንህን ሰጥተህ፣ ኳሱንም የምታጠቃውን ግብም ማየት እንድትችል ሆነህ ቁም። ከኳሱ በሚርቀው እግርህ ብትቀበለው በአንድ ንክኪ ወደ ፊት ትዞራለህ። ተከላካዩ ጀርባህ ላይ ከተለጠፈ ግን መዞር አይሞከርም፤ ኳሱን በክንድህና በዳሌህ ጋርደህ ለሰጠህ ልጅ መልስለት፣ ከዚያ ቦታ ቀይር።

እኔ ጋ ያለው ልምምድ ቀላል ነው። አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከተቀባዩ ኋላ ቆሞ ጣቶቹን ያነሣል። ተቀባዩ ኳሱን ከመንካቱ በፊት የጣቶቹን ቁጥር ጮኾ መናገር አለበት። መጀመሪያ ሳምንት ይሳሳቁበታል፣ ገሚሱም ያላየውን ቁጥር በግምት ይጠራል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳይታዘዙ ዞር ማለት ይጀምራሉ።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ እናት)፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አምና ኳስ እግሩ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር፤ ዘንድሮ ይሸሸዋል። አሠልጣኙ «ሰንፈሃል» ይለዋል። ከጉልበቱ በታችም ያመኛል ይላል።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎ ዘንድሮ ሱሪ አጥሮት እንደሆነ ይዩ። ወንዶች ልጆች ብዙውን ጊዜ በ13 እና በ14 ዓመታቸው አካባቢ በድንገት ይመዘዛሉ። እግሩ ሲረዝም አካሉ አዲሱን ርዝመት እስኪለምድ ድረስ ንክኪው ይበላሻል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጊዜ ሲያገኝ ይመለሳል። ያን ጊዜ ጎበዝ የነበረውን ልጅ «አለቀለት» ብሎ ከቡድን የሚያወጣ አሠልጣኝ ያናድደኛል።

ሕመሙ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው አጥንት ላይ ከሆነና ሲሮጥና ሲዘል የሚብስበት ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ገና እያደገ ስለሆነ ይቆጣል። የሆነ ሆኖ ሐኪም ይየው። መዝለልና ሩጫ ይቀነስለት እንጂ ከነጭራሹ ከሜዳ አያስቀሩት፤ ሕመም በማይሰማው መጠን ቆሞ ማቀበል ይችላል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ዕድሜ ስንት ቁጥር ኳስ ነው? ለሴቶችስ ይለያል?

መልስ፦ እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር፣ ከ13 ጀምሮ 5 ቁጥር። ለሴቶችም ያው ነው፤ ልምምዱም ያው ነው።

ጥያቄ (ከመልካ ጀብዱ፣ አሠልጣኝ)፦ «ባልገባ»፣ ልጆች ዙሪያውን ቆመው ሲቀባበሉ መሃል የገባው ኳሱን ለመንጠቅ የሚያሳድድበት ጨዋታ፣ ጥቅም አለው ወይስ የማሟሟቂያ ጨዋታ ብቻ ነው?

መልስ፦ እንዴት እንደምታጫውተው ይወሰናል። እንደኛ ሰፈር ከሆነ፣ ስምንት ልጅ ተገትሮ መሃል የገባው ላይ መሳቅ ነው፤ ለሆድ ጡንቻ ካልሆነ አይረባም። አራት ለአንድ አድርገው፣ ቦታው ስምንት በስምንት ሜትር ይሁን፣ ሁለት ንክኪ ፍቀድ። ያቀበለ ልጅ ቆሞ አይቅር፤ ተቀባዩ በግራም በቀኝም አማራጭ እንዲያገኝ ቦታውን ያስተካክል። የ13 ዓመት ልጅን በአንድ ንክኪ ብቻ ብታስገድደው ኳሱን መቆጣጠር ሳይማር መግፋት ይማራል። ሲለምዱት ሦስት ለሦስት አድርገህ በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ሰው አቁም፤ ኳሱን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማድረስ ነጥብ ይሁን። ያን ጊዜ ቅብብሉ የሚሄድበት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ኳሱን በውስጥ እግር ስመታ ይነሣብኛል። ግራዬም አይሠራም።

መልስ፦ የምትቆምበት እግር ከኳሱ ጎን ይሁን፣ ጣቱም ኳሱ ወደሚሄድበት ይጠቁም። የምትመታበትን ቁርጭምጭሚት አጠንክረህ ጣቶችህን ወደ ላይ ሳብ፤ የኳሱን ወገብ ምታ። ወደ ኋላ ከተንጋለልህ ወይም ከሥሩ ከመታኸው ይነሣል። ለግራህ ደግሞ ግድግዳ ፈልግ፤ ግድግዳ የሰጠኸውን ያህል ይመልስልሃል፣ አያሽሞነሙንህም። ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ግን አይሁን። ፀሐዩ ይጥልሃል፣ ድሬም የምትተኛበት ሰዓት ስለሆነ ጎረቤት ያባርርሃል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ አንተ ግን ታካብዳለህ። የድሮዎቹ ማንም ሳያሠለጥናቸው ኳስ ያንሸራሽሩ አልነበር?

መልስ፦ «አንተ» ስትለኝ ነው የሐረር ሰው መሆንህን ያወቅሁት፤ አልተቀየምኩም። ጥያቄህም ደግ ነው። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ እዚህ ድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫውቷል። በ1968ቱ የአፍሪካ ዋንጫም ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የምድብ ጨዋታቸውን እዚሁ አድርገዋል፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ከዚህ ምድብ ነው ያለፈችው። ድሬ ጥሩ ኳስ አይታለች።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ማታ የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ይውል ነበር። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ብትጠልዘው ሩቅ አይሄድም፣ ስለዚህ ማቀበል ግዴታ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ባጃጅ አልነበረም። ዛሬ ያ ሰዓት የለም። ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ እኔ ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ግማሹን እኔ በንግግር ብጨርስበት ግፍ ነው። ስለዚህ የእኔ ልምምድ መጨረሻው ሁልጊዜ አራት ለአራት ነው፤ አጥር አጠገብ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። ለእኔ ከባዱ ልምምድ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂያችን የመልስ ምቱን በአጭር ይጀምር ወይስ ያርቀው?

መልስ፦ ከ2011 ወዲህ ሕጉ የመልስ ምትን በቅጣት ክልል ውስጥ መቀበል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ለመማር ጥሩ ዕድል ነው። በልምምድ ላይ ሁልጊዜ በአጭር፣ በውድድር ላይ ተከላካዮቹ ዞር ብለው ማየት ሲለምዱ። ሳያዩ የሚቀበሉ ከሆነ ግን ልጆቹን ለሐፍረት ነው የምታጋልጣቸው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ኳስ በተበላሸ ቁጥር ልጆቼ ይሰዳደባሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኔ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። አቀባዩን «ለየትኛው እግሩ ሰጠኸው?» እለዋለሁ፤ ከተከላካዩ ለሚርቀው እግር መስጠት አለበትና። ተቀባዩን «ኳሱ ሳይመጣ አየህ?» እለዋለሁ። መልሰው ይሮጣሉ፣ ክርክር የለም። ከጊዜ በኋላ እኔ ሳልጠይቅ እርስ በርሳቸው መጠያየቅ ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት ሰው ጎድሎ እኔ ራሴ ገባሁና ለአንድ ቀጫጫ ልጅ አቀበልኩት፤ ተከላካዩ ነጠቀው። ልጁ ወገቡን ይዞ ቆመና «ጋሼ፣ ለየትኛው እግሬ ነው የሰጠኸኝ?» አለኝ። ለተሳሳተው ነበር።