ኢሶፋጎጋስትሮዱዎዲኖስኮፒን ሳይደናቀፉ ለማንበብ

እህቴ፣ ይህን ረጅም ቃል ተማሪ ፊት ስታነቢ ምላስሽ እየተሳሰረ እንዳስቸገረሽና እንዴት ከፋፍለሽ እንደምትይዥው ነው የጠየቅሽው። መጀመሪያ በትርጉም ስበሪው። አራት ቁራጭ ነው፦ ኢሶፋጎ የምግብ ቧንቧ፣ ጋስትሮ ጨጓራ፣ ዱዎዲኖ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የቀጭን አንጀት መጀመሪያ፣ ስኮፒ በመሣሪያ ማየት። ኢንዶስኮፑ (ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከአፍ ገብቶ የሚወርድበት መንገድ ራሱ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ቀለም (ባንዴ ወደሚባል የድምፅ ቁራጭ) ውረጂ፦ ኢ-ሶ-ፋ-ጎ፣ ጋስ-ትሮ፣ ዱ-ዎ-ዲ-ኖስ-ኮ-ፒ። 12 ቀለም ነው። «ስኮፒ» በትርጉም አንድ ቁራጭ ቢሆንም ሲነበብ «ስ» ወደ ፊተኛው ቀለም ተጠግታ «ኖስ» ትሆናለች። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የትርጉሙ ስፌት ላይ ቆሞ «ዲኖ... እስኮፒ» ይላል። «ጋስትሮ» ላይም ችግሩ ያው ነው። ሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑራት አይኑራት ከጽሑፉ ስለማይለይ «ጋ-ስ-ት-ሮ» ተብሎ ይንዛዛል። «ስ»ን «ጋ» ላይ ዝጊያት፣ «ትሮ»ን ባንድ ትንፋሽ በይው።

ድምፅሽ ጠንከር የሚለው «ኖስ» ላይ ነው። በእንግሊዝኛ በስኮፒ፣ በሎጂ፣ በግራፊና በቶሚ የሚያልቁ የሕክምና ቃላት የሚጠነክሩት ከመጨረሻው ሦስተኛው ቀለም ላይ ነው። «ጋስትሮ» ለብቻው «ጋስ» ላይ ይጫናል፤ «ጋስትሮስኮፒ» ሲሆን ግን ጫናው ወደ «ትሮስ» ይዛወራል። ይህን አንዴ ከያዝሽ ለሌሎቹም ይሠራል።

ስትለማመጂ ከኋላ ጀምሪ፦ ኖስኮፒ፣ ዲኖስኮፒ፣ ዱዎዲኖስኮፒ፣ ጋስትሮዱዎዲኖስኮፒ፣ ከዚያ ሙሉውን። ከፊት ከጀመርሽ «ኢሶፋጎ» ብቻ ይጠናል፤ ጫናው ያለበት መጨረሻው ሳይለመድ ይቀራል።

መጨረሻውን መዋጥ ደግሞ የአነባበብ ጉድለት ብቻ አይደለም። ጋስትሮስኮፒ ጨጓራን ማየት ነው፤ ጋስትሮስቶሚ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ጨጓራ ቀዳዳ መክፈት፣ ጋስትሬክቶሚ ጨጓራን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚለያቸው «ኮፒ» እና «ቶሚ» ብቻ ስለሆነ ጥርት አድርገሽ ጨርሺው።

በብሪታንያ አጻጻፍ ቃሉ በማትነበብ «ኦ» ይጀምራል፤ አታንብቢያት። አህጽሮቱም በዚያ ኦ.ጂ.ዲ. ሲሆን በአሜሪካው ኢ.ጂ.ዲ. ነው። በሥራ ላይ የሚባለው ይኸው አህጽሮት ነው፤ ሙሉውን አንዴ ብለሽ ከዚያ በአህጽሮቱ ብትቀጥዪ ማንም አይቀየምሽም።