በድሬዳዋ የኪራይ ቤት ፍለጋ

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሬ በደመወዜ ልክ የምከራየው ቤት እየፈለግሁ ነው። ደላላው ያሳየኝ ሰርቪስ ቤት ርካሽ ቢሆንም፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ድሬዳዋንም ስለሚመለከት፣ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ሊጠይቁ አይችሉም፤ ውሉም በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ይህን በትሕትና ያስረዷቸው፤ ደላላው ግን «ማን ይሠራበታል?» ማለቱ አይቀርም። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን የዋጋው መርከስ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ቤቱን በማለዳ ሳይሆን በእኩለ ቀን ይዩት፤ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከሆነም በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ውኃው የት ድረስ እንደ ደረሰ ነባር ጎረቤቶችን ይጠይቁ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራቱ ሒሳብ አከፋፈል በውሉ ላይ ይስፈር።