ላስቲኩን ያንሱት፤ ስለ አቧራውና ስለሚግለው ኮምፒውተር

«ወንድሜ፣ ትንሽ የጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ከተቆፈረ ወዲህ ከአቧራ ጋር ነው የምንውለው። ኮምፒውተሬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ፋኑ መጮኽ ይጀምርና ድርግም ብሎ ይጠፋል። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ኬዙን በላስቲክ ሸፍኜ ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዓምና አስጸድቼው ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ያው ሆነ። ምን ይሻለኛል?»
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ መጀመሪያ ላስቲኩን ያንሱት። ሌላው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ለአቧራ ሲሉ ያፈኑት ኮምፒውተሩን ራሱን ነው። ድሮ ቤታችን የነበረውን ባለ 60 ሻማ (60 ዋት) አምፖል ያስታውሱ፤ በርቶ ቆይቶ በእጅ አይነካም ነበር። የተለመደ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋና ክፍል) ሥራ ሲበዛበት 65 ዋት ገደማ ይጠቀማል፤ ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ቁራጭ ላይ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣለት ደግሞ አየር ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ከጅቡቲው ጋር ሲነጻጸር ሃያ በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ያንሳል። ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ሳንጎዳ የምንኖረው እንጂ ላስቲክ የሚጨመርባት ከተማ አይደለችም።

አሁን ችግሩ ሙቀት መሆኑን እናረጋግጥ፤ መብራትም ያጠፋል፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይም (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ያጠፋል። ሞኒተሩም አብሮ ከጠፋ መብራቱን ይጠርጥሩ። ሞኒተሩ እንደበራ ኮምፒውተሩ ብቻ ከሞተ ወዲያው መልሰው ያብሩትና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ባዮሱ የማያሳይ ከሆነ እንደ ኤችደብሊው ሞኒተር ያለ ነጻ ፕሮግራም ጭነው እየሠሩ ይከታተሉ። ሥራ ሳይበዛበት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ፣ ሲበዛበት እስከ 80 ቢደርስ አያስደነግጥም። 100 አካባቢ ሲደርስ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፤ ካልበረደለት ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ሙቀቱ 60 ሆኖ የሚጠፋ ከሆነ አቧራውን ይተዉትና ፓወር ሰፕላዩን ያስፈትሹ። እርስዎ የነገሩኝ፣ ጠዋት ደህና ከሰዓት ጩኸት፣ የሙቀት ምልክት ነው።

ዓምና የጸዳው ለምን ሦስት ወር አልቆየም? ሁለት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው አጸዳዱ ነው። ብዙ ጊዜ ኬዙ ይከፈትና በብሎወር ከላይ ፉፉ ተደርጎ ይዘጋል። አቧራ ብን ብሎ ሲወጣ ስለሚታይ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ዋናው አቧራ ግን የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር፣ በፋኑና በሂትሲንኩ (ሙቀት በሚበትነው ብረት) የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ነው የሚተኛው። ፋኑን ፈትተው ሲያነሱት ባና የመሰለ ግራጫ ንጣፍ ያገኛሉ፤ አንዳንዴ በጣት ጥግ ይዘው ሲስቡት እንዳለ ተልጦ ይነሳል። ፋኑ ሳይነሳ ከላይ የተነፋ እንደሆነ ያ ንጣፍ ወደ ክንፎቹ ጠልቆ ይጠቀጠቃል።

ሁለተኛውና ዋናው የአየሩ መንገድ ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከኋላ አንድ ፋን አላቸው፣ ፓወር ሰፕላዩም የራሱ አለው፤ ሁለቱም አየር ወደ ውጭ ነው የሚገፉት። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፋን ከሌለ ኬዙ በየቀዳዳው ይስባል፤ በዲቪዲው ስንጥቅ፣ በዩኤስቢው ዳር፣ ከኋላ ክዳኑ በወለቀ የካርድ ማስገቢያ፣ በሁሉም። አቧራውን በአንድ በኩል ቢከለክሉት በሌላው ይገባል። ስለዚህ ማድረግ የምንችለው መግቢያውን አንድ ማድረግና እዚያ ላይ ወንፊት ማኖር ነው።

መግቢያውን ለማወቅ ሰንደል ይለኩሱ። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ጭሱን በየስንጥቁ አጠገብ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ጭሱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አቧራውም የሚገባው በዚያ ነው። ይህን አንድ የጽሑፍ ቤት ውስጥ ሳደርግ ባለቤትየዋ ኮምፒውተሩን የማጥን መስሏት ሥቃ ልትሞት ነበር። ጭሱ ግን በዲቪዲው በር በኩል እንደ ክር ሲገባ አይታ ዝም አለች።

ወደ ጽዳቱ እንግባ። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከቤት ውጭ ይሥሩት፤ አፍዎንና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። በተለይ እርስዎ ቤት ከመንገዱ አቧራ ጋር የፎቶ ኮፒው ቶነርም (የዱቄት ቀለሙ) ይኖራል። ቶነር በጣም ደቃቅ ስለሆነ በቤት ቫኪዩም አይሳብም፤ በማጣሪያው አልፎ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል። ቫኪዩም የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን በስታቲክ (በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የመጉዳት ዕድልም ስላለው እኔ ኬዝ ውስጥ አላስገባውም። ንጹሕና ደረቅ የቀለም ብሩሽና ትንሽ ብሎወር ይበቃል። ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ባዶ ብረት ይንኩ። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ወይም በእርሳስ ያዙት፤ እንደልቡ መዞር የለበትም።

ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማ መንፊያው አታስነፉ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እኔም አድርጌዋለሁ። ፋኑ እንደ አውሮፕላን ጮኸ፣ በማግስቱ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ይባስ ብሎ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ውሃ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተረጨ። ማዘርቦርዱን ከኪሴ ተካሁ።

ፓወር ሰፕላዩን አይክፈቱት። ተነቅሎም ውስጡ የሚጎዳ ኃይል ሊቆይ ይችላል። በውጭው ወንፊት በኩል ነፍተው ይተዉት።

ሂትሲንኩን ከፕሮሰሰሩ ላይ ማንሳት የሚያስፈልገው ከጽዳቱ በኋላም ሙቀቱ ካልወረደ ነው። በመካከላቸው ያለው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በዓመታት ይደርቃል። ይህን ለባለሙያ ቢሰጡት እመርጣለሁ፤ እግር ያላቸው የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ከደረቀው ፔስት ጋር ተጣብቀው ከሶኬታቸው ይነቀላሉ፣ እግራቸውም ይታጠፋል። ባለሙያው አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ያደርጋል። እንደ ቅቤ ሲለቀልቀው ካዩ ይጠይቁት።

አሁን ወንፊቱ። ከኬዙ ፊት ለፊት፣ ከውስጥ በኩል፣ የፋን ቦታ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ስፋቱን ይለኩና 8፣ 9 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ፋን ይግዙ። አየሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ይግጠሙት። ብዙ ፋኖች ጎናቸው ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አላቸው፤ ከሌለ የመሃሉን ሞተር የሚደግፉት ዘንጎች ያሉበት ጎን አየሩ የሚወጣበት ነው። የአንዳንድ ብራንድ ማዘርቦርዶች የፋን ሶኬት የራሱ ቅርጽ ስላለው ከመግዛትዎ በፊት ፎቶ አንስተው ለሻጩ ያሳዩ።

ከፋኑ ፊት ያረጀ ስስ ስቶኪንግ ወጥረው ያኑሩ፤ አንድ ድርብ ብቻ። አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ አቧራውን አይዝም፤ ወፍራም ጨርቅ ደግሞ አየሩንም ያስቀራል። ከኋላ ባዶውን የቀረውን የካርድ ማስገቢያና የማትጠቀሙበትን ስንጥቅ በቴፕ ይዝጉ፤ የኋላውን ፋንና የፓወር ሰፕላዩን መውጫ ግን እንዳይነኩ። የሚገባው አየር ከሚወጣው ትንሽ ከበለጠ በቀሪው ስንጥቅ አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራም በዚያ አይገባም። ሰንደሉን መልሰው ያዙሩት፤ ጭሱ በስቶኪንጉ በኩል ብቻ ሲገባ ካዩ ተሳክቷል። ሙቀቱንም ወንፊቱ ሳይኖርና ኖሮ ያወዳድሩ። ሦስት አራት ዲግሪ ቢጨምር ግድ የለም፤ አሥር ከጨመረ ስቶኪንጉ ወፍራም ነው ወይም ፋኑ ደካማ ነው።

ስቶኪንጉን በሳምንት አንዴ ያራግፉት። ያን ረስተው ወር ካሳለፉት ላስቲኩን መልሰው እንዳለበሱት ይቁጠሩት። አንዳንዱ ደግሞ የኬዙን ጎን ከፍቶ ቬንትሌተር ይደቅንበታል፤ ለአንድ ቀን ያድናል፣ በዚህ አቧራ መሃል ግን በሳምንቱ ውስጡን መንገድ ያስመስለዋል።

ከወለሉም ያንሱት። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር፣ መጥረጊያ በተነሳ ቁጥር አቧራው የሚበዛው እግር ሥር ነው። ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ መልካም፤ ቦታ ከሌለ ሁለት ብሎኬት ላይም ቢሆን ይሻላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። ከመጥረግ በፊት ወለሉን ውሃ አርከፍክፉበት፤ እናቶቻችን ያውቁበታል። ቡና የምታፈሉ ከሆነም ከሰሉንና ዕጣኑን ከኮምፒውተሩ አርቁ። ደረቅ አቧራ በብሩሽ ይለቃል፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ የጠጣ አቧራ ግን ይሙለጨለጫል፣ ፋኑ ክንፍ ላይ ይጣበቃል፣ በአልኮል ካልተጠረገ አይነሳም።

ገጥመው ሲያበሩት ጢጥ ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን አይደንግጡ። ሲጸዳ ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ተነቅንቆ ይሆናል። ገመዱን ነቅለው ራሙን ያውጡና ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ጫን አድርገው ይመልሱት።

ላስቲኩንም አይጣሉት። ማታ ኮምፒውተሩ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ቤቱ ከመጠረጉ በፊት ያልብሱት። ሲያለብሱት ግን ማብሪያውን ጭምር ይሸፍን፤ ጠዋት ሳያነሱት ማብራት እንዳይችሉ።