መኪና ግርግርን በእግር፦ ስለ ሐረር ጀጎል ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በግንብ ስለታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ስለ ሐረር ጀጎል ናቸው፤ በተለይ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ስለሚወርደው፣ “መኪና ግርግር” ስለሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመን ወደ ሐረር እናልፋለን። ያለን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከየት እንጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መኪናችሁን ከግንቡ ውጭ አቁማችሁ በሐረር በር ግቡ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንቡን ሲያስገነቡ የነበሩት በሮች 5 ናቸው፤ ይህኛው ኋላ የመጣ ነው። ከዚያ እስከ ፈረስ መጋላ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ባጃጅም መኪናም ያልፍበታል፤ እዚያ ጊዜ አታጥፉ። እግረኛው የሚነግሥበት ከፈረስ መጋላ ወዲያ ነው።

ጀጎል ከ50 ሄክታር ባነሰ ቦታ ላይ 82 መስጊዶችን ይዟል። በግማሽ ቀን ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። እኔ ብሆን መኪና ግርግርን ቀስ ብዬ ወርጄ፣ በመሃል ታጥፌ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራውን የራምቦን ቤትና የአብዱላሂ ሸሪፍን የግል ሙዚየም አይቼ፣ ጊድር መጋላ ላይ አበቃ ነበር።

ጥያቄ፦ እዚያው የሚሰፋ ልብስ በዕለቱ ይደርሳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን የጠየቁኝን አመሰግናለሁ፤ መንገዷን በወጉ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም። ሰፊዎቹ የእግር መኪናቸውን ደጃፍ ላይ ዘርግተው ነው የሚሠሩት። ጨርቁን ከጎናቸው ካሉት ሱቆች ይገዛሉ፣ ይለካሉ፣ ዋጋ ይነጋገራሉ። እንደ ትራስ ልብስ ያለ ቀላል ነገር ወይም ማሳጠርና ማጥበብ ከሆነ ጠዋት ሰጥተው ከሰዓት መውሰድ ይችሉ ይሆናል፤ ሙሉ ቀሚስ ከሆነ ግን ሐረር የሚያድሩ ቢሆን ይሻላል። ዋጋውንም የሚያልቅበትንም ሰዓት ጨርቁ ሳይቆረጥ ተስማሙ። ሰፊውን አታጣድፉት፤ ከእናንተ በፊት የመጣ የሰፈር ደንበኛ አለው። ሲጠብቁ ደግሞ ሻይ ይዘው እዚያው አጠገቡ ቢቀመጡ፣ የማን ልጅ ሊዳር እንደሆነ፣ ጨርቅ ስንት እንደገባ፣ የከተማው ወሬ ሁሉ በፊትዎ ያልፋል። ይህን የሚነግር አስጎብኚ የለም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ያስቸግራል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ቀለሙን እንደልብ ያንሱ። ሰው ከሆነ ግን ካሜራው ሳይወጣ ሰላምታው ይቅደም፤ “ሰላም ዐለይኩም” ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ከገጠር ጫት ወይም አትክልት ይዘው የሚመጡት እናቶች በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ መግባት የማይፈልጉበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ የገበያ ሥራ ላይ ናቸው። ከሩቅ ተደብቆ ማንሳትን አጥብቄ እቃወማለሁ። “ለማስታወሻ ነው” የሚለው ሰበብም አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ “የራምቦ ቤት” የሚባለው በእርግጥ ገጣሚው የኖረበት ነው? (ከጄኔቭ)

መልስ፦ አይደለም። አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ በመሃል እየሄደ እየተመለሰ ኖሮ በ1891 ታሞ ወጣ፣ በዚያው ዓመትም ማርሴይ ውስጥ አረፈ። ቤቱን ከእሱ በኋላ የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ሆኖም ባለቀለም መስኮቶቹና የተሳለው ጣሪያው ብቻቸውን መግቢያውን ይክሳሉ፤ ከፎቁ ላይ ጀጎል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ትችለዋለች? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከፈረስ መጋላ ሲነሱ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋዩ ስለሚያሟልጭ ጠፍጣፋ ጫማ ታድርግ፣ ክንዷን ያዟት። ከባዱ መመለሱ ነው። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ወርዳችሁ ከአንዱ ሰፊ ደጃፍ አሳርፏትና ከዚያው ተመለሱ። ሰፊዎቹ ለእናት ወንበር አይነፍጉም።

ጥያቄ፦ መቼ ብንመጣ ይሻላል? (ከጅዳ)

መልስ፦ የሚቻላችሁ ከሆነ ለሹዋሊድ። ከኢድ አልፈጥር በኋላ በሸዋል 8ኛ ቀን ገደማ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ዘፈኑና ልብሱ ያኔ ነው። ከተማው ስለሚጨናነቅ አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ። በሌላ ጊዜ ከመጣችሁ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት መንገዷ በሥራ ላይ ናት። ከምሳ በኋላ ጫቱ ይቀርብና ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ሱቆቹ ስለሚዘጉ ስፌት የሰጣችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ውሰዱ።