የአቀንጭራ ዘመድ መስክ ሊያለማ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ወሎ ውስጥ ማሽላቸውን አቀንጭራ ሲያጠፋባቸው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ግን የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ ተክል ሆን ተብሎ ሣር ላይ እንደሚዘራ ሰማሁ። እውነት ነው? በግቢያችን ሰርዶው አደይ አበባውን ውጦታልና ዘሩን ባስመጣስ? (አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት እውነት ነው። ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ራይናንተስ ማይነር የሚባል፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ በዓመቱ የሚደርቅ ተክል ሲሆን፣ የራሱ አረንጓዴ ቅጠል እያለው ሥሩን ከጎረቤቱ ሥር ጋር አጣብቆ ውሃና ማዕድን ይስባል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ 97 በመቶ ያህሉ አበባማ መስክ በማረሻና በማዳበሪያ ጠፍቷል፤ ማዳበሪያ የጠገበ መሬት ላይ ጥቂት ጉልበተኛ ሣሮች ሌላውን ሁሉ ጥላ ያለብሱታልና። ራይናንተስ በተለይ እነዚህን ሣሮች ያቀጭጫል። እኛም አገር የሚበቅለው ጎርጠብ ግን ጥገኛው በሚገባበት ቦታ የራሱን የሥር ሕዋሳት ገድሎ መግቢያውን ይዘጋበታል። ሣሩ ሲያጥር ብርሃን መሬት ይደርሳል፤ አበቦቹም ቦታ ያገኛሉ።

ታዲያ አቀንጭራ መቅሠፍት ሲሆን ዘመዱ መሣሪያ የሆነው ለምንድን ነው? ዋናው ነገር ዘሩ ነው። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአስር ሺህዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ያፈራል፤ ይህም የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል እስኪያገኝ አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ወላጆችዎ የተቸገሩበትም ይኸው ነው፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት መቀበላቸው የችግሩን ክብደት ያሳያል። የራይናንተስ ዘር ግን አብዛኛው ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ስለማይቆይ፣ ዘር ከማፍራቱ በፊት በተከታታይ ማጨድ ብቻ ተክሉን ከመስኩ ያጠፋዋል።

ቢሆንም እንዳያስመጡት አጥብቀን እንመክራለን። ዘሩ ለመብቀል እንደ አውሮፓ ክረምት ወራት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ ይህን የአዲስ አበባ አፈር አይሰጠውም። ከዚያም በላይ በአቀንጭራ ለተጎዳ አገር ሌላ ጥገኛ ተክል በግል ማስገባት ተገቢ አይደለም።

የራይናንተስን ሥራ በእጅዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ አደዩ ደርቆ ዘሩን ካረገፈ በኋላ ሣሩን ያጭዱ፤ የታጨደውም በስብሶ መሬቱን መልሶ እንዳያደልበው ከግቢ ያውጡት። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሰርዶውን ከነሥሩ እየነቀሉ አፈሩን በመጠኑ ይጫሩት። ዘር ካልቀረ ደግሞ ከጎረቤት የበሰለ የአደይ ዘር ለምነው ግንቦት ላይ ይበትኑበት።