የቢዝነስ ኢሜይል ዝግጅቱ ላይ ልሂድ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ የቢዝነስ ኢሜይል ሶፍትዌር የሚያሳዩበት የቴክ ሚትአፕ ተጠርቻለሁ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት ላለው ሰው ምን ያደርግለታል ብለሃል። አብሽር፣ ሂድ። እኔ ኮምቦልቻ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተገኝቼ ተጠቅሜያለሁ፤ የጠቀመኝ ግን ስላይዱ አይደለም።

ስላይዱማ ያው ነው፤ ካላንደር፣ የጋራ ፎልደር ምናምን። እሱን ዩቲዩብ ላይም ታየዋለህ። ቁም ነገሩ የመጣው አንዱ ታዳሚ "የምልከው ፕሮፎርማ ደንበኞቼ ጋ ስፓም ውስጥ ነው የሚገባው" ሲል ነው። አቅራቢው እዚያው ወደ ራሱ ጂሜይል አስላከውና ፕሮጀክተሩ ላይ ከፈተው። ሦስቷን ነጥብ ነካ፣ "ሾው ኦሪጅናል" አለ። ኤስፒኤፍ፦ ፌይል። የዲኪም መስመር ጭራሽ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜይንህ (ኢሜይልህ ላይ ከ@ በኋላ ባለው የድርጅትህ አድራሻ) ስም መላክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ዲኪም ደግሞ ሜይሉ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሰውየው የኢሜይል አገልግሎት ሲቀይር የድሮው ኤስፒኤፍ እንዳለ ቀርቷል። ማስተካከያው ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ ሴቲንግ የሚቀመጥበት መዝገብ) ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ነው። ግን ፓስወርዱ ዌብሳይቱን የሠራለት ልጅ ጋ ነው፤ ልጁ ደግሞ ስልክ አያነሳም! ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው ለአለቃዬ "ዶሜይናችን በማን ስም ነው?" ብዬ ቴክስት አደረግሁ።

ይሄ ቅንጦት እንዳይመስልህ። ከየካቲት 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ጉግል ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ሁለቱንም፣ ዲማርክንም (ፍተሻውን ያላለፈ ሜይል ምን ይደረግ የሚለውን መመሪያ) ጨምሮ።

አንተ የባነር ዲዛይን ስለምትልክ የፋይል መጠን ጠይቅ። ጂሜይል ላይ ከ25 ሜጋባይት በላይ አታች አይደረግም፣ በድራይቭ ሊንክ ነው የሚሄደው። ክፍያውንም አጥብቀህ ጠይቅ። ጉግል ወርክስፔስም ሆነ ማይክሮሶፍት 365 ሂሳቡ በሰው ቁጥር ነው፣ ሠራተኛ በጨመርክ ቁጥር ይጨምራል። በብር ተቀብሎ ደረሰኝ የሚቆርጥ አለ ወይ? ነገ አገልግሎቱን ብለቅ የድሮ ሜይሎቼ አብረውኝ ይመጣሉ ወይ? እዚህ ላይ የሚንተባተብ ካለ እለፈው።

ላፕቶፕህን ቻርጅ አድርገህ፣ የዶሜይንህን ፓስወርድ ይዘህ ሂድ። ሻይ ሰዓት ላይ አቅራቢውን ያዘው፤ መድረክ ላይ የማይናገረውን ዋጋ ያኔ ነው የሚነግርህ።