ተመልሳ ለመጣችው ውሻ አትዘኑላት

ማየት ለተሳነው ሰው መንገድ የምትመራ፣ የመሪ ውሻ ቡችላ ማሳደግ ፈልጋችሁ «ዓመት ሙሉ አሳድጌ እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?» የምትሉኝ ልጆች በዝታችኋል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማወራ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። መስጠቱ ያስለቅሳል፣ አዎ። እኔን ግን የበለጠ ያሳሰበኝ «ለመሪነት አትሆንም» ተብላ ወደ ቤት መመለሷ ነው።

የእኔዋ ፔኒ ትባላለች፣ ቢጫ ላብራዶር። ስሟን ያወጣው መሪ ውሾችን የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት ነው፤ አብረው የተወለዱት ሁሉ ስማቸው በአንድ ፊደል ይጀምራል። ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ይሰጧችኋል፣ ዓመት ከምናምን እናንተ ዘንድ ይቆያሉ፣ ከዚያ ለዋናው ስልጠና ይመለሳሉ። አሳዳጊ መንገድ መምራት አያስተምርም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የእኛ ድርሻ ጨዋ አድርጎ ማሳደግ ነው፦ ሰው ላይ እንዳትዘል፣ ሲነገራት እንድትጸዳዳ፣ አውቶቡስ ውስጥ እግር ስር እንድትተኛ፣ አምቡላንስ ሲጮህ እንዳትደነግጥ፣ ወለል ላይ የወደቀ ምግብ እንዳታነሳ።

ያቺን የመጨረሻዋን ሐበሻ ቤት ውስጥ ሞክሯት እስቲ። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይበተናል። ፔኒ ምንጣፏ ላይ ተኝታ፣ አፍንጫዋ ስር ያረፈችውን አንዲት ፍሬ እያየች፣ ምራቋ በሁለቱም በኩል ይንጠባጠባል፤ እኔ ደግሞ የአቦሉን ስኒ እንደያዝኩ ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም። እንግዶቼ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ «ውሻ ያለበት ቤት አልገባም» ብሎ በር ላይ የሚቀር። ሌላው «ምስኪን፣ ርቧት እኮ ነው» እያለ ከጠረጴዛው ስር ሊያጎርሳት የሚሞክር። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ወጣችን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው፣ ሁለቱም ውሻን ይመርዛሉ። አንዷን ትልቅ ሴትዮ እጃቸውን ይዤ «ይቅርታ እማማ፣ ሥራ ላይ ናት» ስላቸው ለሳምንት ተሳቀብኝ።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምንድን ነው? መሪ ውሻ የትራፊክ መብራት አይታ የምታሻግር ይመስላችኋል። አይደለም። መብራቱን አታነብም። መንገዱን የሚያውቀው ማየት የተሳነው ሰውየው ነው፤ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ «ሂጂ» የሚላትም እሱ ነው። የእሷ ሥራ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ መቆም፣ ከጉድጓድና ከምሰሶ ዞር አድርጎ ማሳለፍ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ «ሂጂ» ተብላ መኪና እየመጣ ከሆነ አለመታዘዝ ነው። ታዛዥ አድርጋችሁ ያሳደጋችኋት ውሻ በትክክለኛው ሰከንድ እምቢ እንድትል ይፈለጋል።

ነገሩ የተጀመረው ጀርመን ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ኦልደንቡርግ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1916 ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወደ አሜሪካ ያመጣው ሞሪስ ፍራንክ የሚባል የናሽቪል ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928፣ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ ስዊዘርላንድ ሄዶ በዲ ከምትባል ጀርመን ሼፐርድ ጋር ሠልጥኖ ተመለሰ። ኒው ዮርክ ሲደርስ ጋዜጠኞቹ አላመኑትም። መኪና የሚርመሰመስበትን ዌስት ስትሪትን እያዩት ከበዲ ጋር ተሻገረ። በዓመቱ «ዘ ሲኢንግ አይ» የተባለው ትምህርት ቤት ተቋቋመ፣ ዛሬም ኒው ጀርሲ ውስጥ ይሠራል። እስቲ በዲ እዚያ መሀል መንገድ ላይ ዓይኗ ወደ ሌላ ነገር ቢሄድ ኖሮ ብላችሁ አስቡ።

የፔኒ ዓይን ይሄዳል። ወደ ቁራ። ሲያትል የሚኖር ያውቀዋል፣ ከተማው የቁራ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ እንደ እሷ ያለ የለም፣ ታማኝ፣ የዋህ፣ ሕፃን ጆሮዋን ቢጎትት ዝም የምትል። ቁራ መሬት ላይ ካረፈ ግን ትከሻዋ ይገተራል፣ ጆሮዋ ወደ ፊት ይቀሰራል፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል ስሟን ብጠራ፣ ብስኩት ባሳያት አትሰማም። ከዚያ መለስ ብላ ታየኛለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔ ስለማይ ሁለት ሰከንድ ምንም አይደለም። ለማያይ ሰው እግሩን ከጠርዙ የሚያስወርደው ያ ነው።

አሰልጣኞቹም ወራት ሞክረው ደወሉልኝ። «ለመሪነት አትሆንም፣ ትወስጃታለሽ?» ቅድሚያ የሚሰጠው ለአሳዳጊ ነው። ያገሬ ሰው ሲሰማ «ወይኔ፣ ወደቀች?» አለኝ፣ ልክ ማትሪክ የወደቀ ልጅ እንዳለኝ። «ምናለ ቢያሳልፏት፣ ሁለት ሰከንድ ነው እኮ» ያለችኝም አለች።

እዚህ ላይ ነው የምጨቀጭቃችሁ። ከጡረታ በፊት ነርስ ነበርኩ፣ አዲስ ተቀጣሪዎችንም አለማምድ ነበር። ብቻዋን በሽተኛ ትያዝ ወይስ አትያዝ የሚለውን የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የአገሬ ልጅ ደረሰችኝ። ጎበዝ፣ ሰው አክባሪ፣ በሽተኞች የሚወዷት። ሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ ሲጮህ ግን ድርቅ ትላለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ደግሞ ማሽን የማይጮህበት ሰዓት የለም። «ለዚህ ክፍል አልደረሰችም» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ የስልኩን ነገር አታንሱት። እንዴት የአገርሽን ልጅ፣ እናቷ እኮ ታማለች፣ ምን አለበት ብታልፊያት... ከደወሉት ውስጥ አልጋው ላይ ስለሚተኛው ሰው የጠየቀ አንድም አልነበረም። ልጅቷም ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም። መብቷ ነው።

ይሉኝታ ለቡናና ለድግስ ጥሩ ነው። የሌላ ሰው ሕይወት ማሰሪያው ጫፍ ላይ ሲሆን ግን ይሉኝታ አይሠራም። ነገ እናንተም ትፈርማላችሁ፦ አለቃ ትሆናላችሁ፣ መምህር፣ ኢንጂነር። የምትወዱትን ሰው «ለዚህ አትሆንም» ለማለት የምትፈሩ ከሆነ ከአሁኑ ተለማመዱት። ሲባልባችሁ ደግሞ «ለዚህ» የምትለዋን አትዝለሏት። ፔኒን የመለሷት መጥፎ ውሻ ናት ብለው አይደለም። ከእሷ ጋር የተመለሱት አንዳንዶቹ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ በማሽተት የሚለዩ ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ማየት ለተሳናቸው ሕፃናት ጓደኛ ተደርገው ተሰጥተዋል። ቁራ መውደድ እዚያ አይጎዳም።

ቤት ከተመለሰች በኋላ ያለው ሌላ ነው። በስልጠና ላይ መሆኗን የሚያሳየውን ሰደርያዋን አስረከብኩ። ሱፐርማርኬት አብራኝ አትገባም፣ እሷ እስካሁን በሩ ላይ ግራ ይገባታል። «አልብሻት ግቢ፣ ማን ያውቃል» የሚሉ አሉ። እንዳታደርጉት። ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ክፍለ ግዛት ያስቀጣል፣ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ እውነተኛውን መሪ ውሻ ይዞ የሚመጣውን ሰው በር ላይ የሚያስጠረጥረው ይሄው ነው። በነገራችን ላይ የፌዴራሉ ሕግ በስልጠና ላይ ላሉ ቡችላዎች የመግባት መብት አይሰጥም፤ ይህን የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

«ትወስዷታላችሁ?» የሚለው ስልክ ሲደወልላችሁ መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ከሆነ፣ አፓርታማችሁ ውሻ የማይፈቅድ ከሆነ፣ አይ በሉ። እነዚህን ውሾች ለመውሰድ ወረፋ የያዘ ሰው ሞልቷል፣ ሜዳ አትወድቅም። በብዙ ትምህርት ቤቶች እያሳደጋችሁ ሳለ የሐኪሙን ወጪ እነሱ ይሸፍናሉ፣ ከወሰዳችኋት በኋላ ግን ሂሳቡ የእናንተ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ርካሽ አይደለም።

ልባችሁ ካልተመለሰ፣ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ የአሳዳጊዎች ቡድን ስብሰባ ላይ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ከዚያ የሌላ አሳዳጊን ቡችላ ለቅዳሜና እሁድ ተቀበሉ፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታችሁ በዝናብ ውጭ ስታወጡት ትወስናላችሁ። ለእናታችሁ ግን ቡችላው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ንገሯት። ከእኔ ሰማሁ እንዳትሉ።